ጽድ፣ ወይራ ወይስ ግራር? የመሬትዎን የደረቅ ደን ዓይነት በዕፅዋትና በአፈር ለይቶ ለመምረጥ

ሰኔ ግም ባለ ቁጥር በመሐል አዲስ አበባ አንድ ጥያቄ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። የዕድሩ ኮሚቴ ይጠይቃል፣ የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ይጠይቃል፣ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ይጠይቃል፤ «ዘንድሮ የትኛውን ዛፍ ብንተክል ይሻላል?» በአራት ኪሎና በቀበና ዙሪያ ከጎረቤቶቼ ጋር ችግኝ መትከል ከጀመርኩ ጊዜ አንሥቶ እኔም ይህንኑ ስጠይቅ ነው የከረምኩት። አሁን ግን ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት ብዬ በጽኑ አምናለሁ፤ ይህ መሬት ከተማ ከመሆኑ በፊት የተሸከመው ደን የትኛው ነበር?

ይህን ያስተማረኝ ከመስቀል አደባባይ ወደ ደቡብ የሚገኝ አንድ የመኖሪያ ግቢ ነው። 12 የሐበሻ ጽድ ችግኞች ተከልንበት። ሐምሌ ነበር፤ ችግኙ የጠነከረ፣ ጉድጓዱ ጥልቅ፣ ፍጉ የበሰለ፣ ሁሉም በደንቡ የተሠራ። ነሐሴ ላይ ጉድጓዶቹ እንደ በርሜል ውኃ ይዘው አገኘናቸው። መስከረም ሲጠባ የታችኞቹ ቅርንጫፎች ወደ ቡናማነት ተለወጡ። ኅዳር ላይ አንዱን ነቅዬ ሳየው ሥሩ ጠቁሯል፤ ልጣጩ በጣት ሲነካ ይሸሻል፤ ሽታው የረግረግ ሽታ ነው። ከ12ቱ 9ኙ ሞቱ። በአጥሩ ጥግ ማንም ያልተከለው አንድ ግራር ግን በዚያው ክረምት አንድ ክንድ ያህል ረዝሞ ነበር። ጽዱ ደካማ ስለሆነ አልሞተም፤ የድንጋያማውን ስስ አፈር፣ የጭንጫውን ዛፍ ወስደን ውኃ በሚይዘው ጥቁር አፈር፣ በዋልካ ላይ ያቆምነው እኛ ነን።

«ደረቅ» ሲባል

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ታዲያ ደኗ ስለምን «ደረቅ» ይባላል? ዝናቡ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለሚወርድ ነው። ከዚያ በኋላ ዛፉ የበልግ ዝናብ ቢቀናው ቀንቶት፣ ባይቀናው ደግሞ ረጅሙን በጋ በቅጠሉ ጥንካሬና በሥሩ ጥልቀት ችሎ ማለፍ አለበት። በካፋና በኢሉባቦር ያለው እርጥብ ደን ይህ ፈተና እንዲህ አይበረታበትም። የዕፅዋት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ካርታቸው ኢትዮጵያን በ12 የዕፅዋት ዓይነቶች ሲከፍሏት የእኛን አካባቢ ከ1,800 እስከ 3,000 ሜትር ባለው «ደረቅ፣ ሁልጊዜ ለምለም የደጋ ደንና የሣር ምድር» ውስጥ መድበውታል። ይህ አንድ ስም ግን በውስጡ የተለያዩ ደኖችን አቅፏል፤ ለመትከል የሚነሣ ሰው መለየት ያለበትም እነዚያን ነው።

የውጭ መጻሕፍት የሚያነቡ ወዳጆች አንዳንዴ ስለ ኦክ ደን ያነሡብኛል። ኦክ በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚበቅል ዛፍ አይደለም። የአከፋፈሉ አስተሳሰብ ግን ይጠቅመናል። በምሥራቃዊ አሜሪካ ደረቅ የኦክ ደን ሁሉ አንድ ተብሎ አይታለፍም፤ በሸንተረር ላይ ባለው ስስና ኮምጣጣ አፈር ከኦኩ ሥር የብሉቤሪ ዘመዶች ቁጥቋጦ ይነጠፋል፤ ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ደግሞ የኦኩ ዝርያ ራሱ ይለወጣል። ዛፉን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። እኛም ጋ ጽድና ወይራ የሚያሳስቱት በዚሁ መንገድ ነው።

በምን እንለይ? በዛፉ፣ በቁጥቋጦው ወይስ በአፈሩ?

በዛፉ መለየት ቀላሉ መንገድ ነው፤ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። ከተማ ውስጥ ግን ከሦስቱ ደካማው እርሱ ነው። አንድ ጊዜ በመሐል ከተማ ባለ አንድ ደብር አጸድ ውስጥ የግቢውን ጥበቃ ሽማግሌ፣ «አባባ፣ እነዚህ ጽዶች ከጥንትም የነበሩ ናቸው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የለም ልጄ፤ እነርሱንስ አባቶቻችን ናቸው የተከሏቸው። ረድፋቸውን አታየውም? ወይራውን ግን ማንም አልተከለው፤ ወፍ ነው ያመጣው» አሉኝ።

ተመልሼ ሳየው እውነታቸውን ነው። ጽዶቹ እንደ ዘብ ተሰልፈዋል። ወይራዎቹ ግን አንዱ ከግንቡ ሥር፣ ሌላው ከመቃብር ሐውልት ጎን፣ ሌላው ከጽዱ ጥላ ውስጥ፣ ያለ ምንም ሥርዓት ተበትነዋል። ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን የጣለችበት ሁሉ ወይራ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አሮጌ ግቢ ስገባ መጀመሪያ የማየው ረድፍ መኖር አለመኖሩን ነው።

በዛፉ መለየት ሌላም ችግር አለበት። የሐበሻ ጽድ ብርሃን ወዳድ ነው። በራሱ ጥላ ሥር ቡቃያው አይበረታም፤ እሳት ባለፈበት፣ ደን በተመነጠረበት፣ ሜዳ በሆነበት ግን ፈጥኖ ይወጣል። ስለዚህ ጽድ የነገሠበት ደን ስለ አፈሩ ሳይሆን ስለ ታሪኩ እየነገረዎት ሊሆን ይችላል። ከከተማው ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን እንኳ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ወይራ ግን በጥላ ሥር ታግሦ ያድጋል። ሁለቱ በአንድነት ሲታዩ ሽማግሌዎቹ ጽዶች ከላይ፣ የወይራ ልጆች ከታች ከሆኑ፣ ደኑ ከጽድ ወደ ወይራ እየተሸጋገረ ነው ማለት ነው።

በቁጥቋጦው መለየት የበለጠ ታማኝ ነው። ክትክታን፣ ቀጨሞን ወይም አጋምን አስቦ የሚተክል የከተማ ሰው ብዙ የለም፤ ካሉ ራሳቸው መጥተው ነው። ክትክታ የበዛበት ቦታ አፈሩ ስስ፣ ድንጋዩ ቅርብ፣ ደኑም የተጎዳ ነው። ቀጨሞ፣ ያ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ቁጥቋጦ፣ በጽድና በወይራ ሥር ይወዳል። ቀለዋና ብሳና እርጥበት የማይለየውን ጫፍ ይነግሩናል፤ እንሶስላ ደግሞ ጥላና እርጥበት አብረው ያሉበትን። አስታና አምጃ ካዩ ብርዱ በርትቷል፤ ወደ ከፍታው ወጥተዋል ማለት ነው። እምቧጮና ሳማ ብቻ ከሆኑ ግን ቦታው በሰው እጅ ብዙ ተረብሿል ማለት ስለሆነ ሌላ ምስክር ይፈልጉ።

በአፈሩ መለየት እጅ ያቆሽሻል፣ መቆፈርም ይጠይቃል። ለመሐል ከተማ ግን እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ዛፉ ተቆርጦ፣ ቁጥቋጦው ተመንጥሮ፣ ስሙ ብቻ እንደ ወይራ ሰፈር በቀረበት ቦታ ሁሉ አፈሩ አሁንም አለ። አንድ ጠላት ብቻ አለው፤ እርሱን ከታች አነሣዋለሁ።

ጽድና ወይራ በጭንጫ ላይ

ይህ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ስድስት ኪሎና ወደ ጉለሌ በሚወርደው ተዳፋት ላይ የሚጠበቀው ደን ነው። ሲቆፈር ዶማው በአንድና በሁለት ስንዝር ውስጥ ድንጋይ ይመታል። አፈሩ ቀይ ወይም ቡናማ ነው፣ ጠጠር ይበዛበታል፣ ውኃ አይዝም። ጽድ እስከ 40 ሜትር የሚደርስ ግዙፍ ዛፍ ሆኖ ሳለ በዚህ ስስ አፈር ላይ መቆም የሚችለው ሥሩ በዐለት ስንጥቅ ውስጥ ስለሚሾልክ ነው። ከሥሩ ወይራ፣ ቀጨሞ፣ ቀጋ፣ አጋም፣ በዛፉ ላይ የሚጠመጠም ተምበለል ይገኛሉ። ተምበለል አበባው ሲፈነዳ ሽታው ከሩቅ ይጠራል፤ ደኑን በአፍንጫ መለየት ይቻላል የምለው ለዚህ ነው።

ግቢዎ ይህ ከሆነ ጽድና ወይራን አብረው ይትከሉ እንጂ አንዱን ብቻ አይምረጡ። ጽዱ ፀሐይ የሚያገኘውን ቦታ ይያዝ፤ ወይራው ከቤቱ ወይም ከሌላ ዛፍ ጥላ አጠገብ ቢሆን አይከፋውም። ወይራ በዝግታ የሚያድግ ዛፍ ነው። በአምስት ዓመት ጥላ የሚፈልግ ሰው ያዝንበታል። ግን የወተት ዕቃ የሚታጠንበት፣ የጠላ ጋን የሚታጠንበት፣ መፋቂያ የሚቆረጥበት ዛፍ ከግቢ ሲጠፋ ከቤቱም አንድ ነገር አብሮ የሚጠፋ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ቢዘገይም ይተከል እላለሁ።

ዝግባ የሚቀላቀልበት ደን በጥልቅ ቀይ አፈር ላይ

እዚህ ዶማው ድንጋይ አይመታም። ቀዩ አፈር አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ይወርዳል። ሲጨብጡት ይጠቀጠቃል፣ ሲለቁት ይፈረፈራል፣ ውኃ ሲያፈሱበት ቀስ እያለ ግን ሳያቋርጥ ይጠጣል። ይህን አፈር ያገኘ ሰው በከተማው ውስጥ ካሉት መሬቶች ምርጡን አግኝቷል። ደኑም ያንኑ ያህል የተደባለቀ ነው። ዝግባ፣ ጽድ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ብሳና አንዱ ሌላውን ሳይገፋ ይኖራሉ። አንድ ዛፍ ብቻ የነገሠበት አይደለም። ሊቃውንቱም በካርታቸው የተደባለቀውን ደንና አንድ ዛፍ የነገሠበትን ለየብቻ አስቀምጠዋቸዋል።

ከጽድና ከወይራው ደን ጋር የሚምታታው ይህ ነው፤ ሁለቱም ጽድ አላቸውና። ቁርጡን የሚለየው ጥልቀቱ ነው። ዝግባን በጭንጫ ላይ ቢተክሉት ለጥቂት ዓመታት አረንጓዴ ሆኖ ሊያታልልዎት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን በረጅሙ በጋ አናቱ ይደርቃል። በጥልቁ ቀይ አፈር ላይ ጽድ ብቻ መደርደርም ለሰባት ዘመድ የሚበቃ ቤት ለአንድ ሰው እንደ መስጠት ነው። ቢያንስ ዝግባን፣ ጥቁር እንጨትንና ብሳናን ያስገቡ። ብሳና ፈጥኖ ያድጋል፤ ለዘገምተኞቹ ጥላ ይሰጣል፤ ሊረግፍ ሲል ብርቱካንማ የሚሆነው ቅጠሉም ለአፈሩ ምግብ ነው። በወንዝ ዳር፣ ለምሳሌ በቀበናና በግንፍሌ ሸለቆዎች፣ አፈሩ ደለል ሲሆን ሾላና ዋንዛ ይቀላቀላሉ። ዋንዛ ግን በከተማው ከፍታ ወደ ዳርቻው የቀረበ ዛፍ ስለሆነ ከብርዱ የተጠለለ ቦታ ይምረጡለት።

ግራር በዋልካ ላይ

ከተማው በቦሌና በአቃቂ አቅጣጫ ሲዘልቅ ምድሩ ሜዳ፣ አፈሩም ጥቁር ይሆናል። ዋልካ የሚሉት አሉ፣ መረሬ የሚሉት አሉ፣ ኮትቻ የሚሉትም አሉ። በአገራችን ይህ አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ክረምት ላይ ያብጣል፣ ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ሲያብጥና ሲሰነጠቅ ግድግዳ ያነቃል፤ ቀጭን ሥርንም እንደ ገመድ ጎትቶ ይበጥሳል። በእነዚያ 12 ጽዶች ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ውኃው አፈናቸው፣ በኋላ ስንጥቁ የተረፈውን ሥር በጠሰው።

ብዙ ሰው ይህን መሬት «ደን አያበቅልም» ይለዋል። ደኑ ሌላ ዓይነት ስለሆነ ነው። እዚህ የሚጠበቀው ጠፍጣፋ አናት ያለው የደጋ ግራር፣ በመካከሉም ሰፊ ሣር፣ መስከረም ሲጠባ በዳር በዳሩ አደይ አበባ ነው። ዛፉ ጥቅጥቅ አይልም፤ እንዲልም መገደድ የለበትም። ግቢዎ ዋልካ ከሆነ ግራሮቹን አራርቀው ይትከሉ፤ መካከሉን ለሣር ይተዉ። ጉድጓዱን ጥልቅ አድርጎ መቆፈር ትርፉ ውኃ ማቆር ስለሆነ፣ አፈሩን ከፍ አድርገው ክምር ላይ ይትከሉት፤ ውኃ የሚወጣበት ቦይም አብሮ ይቀደድ። ከቤት መሠረት ራቅ ማድረግም አይዘንጋ።

ኮሶና አስታ በላይኛው ብርድ

ይህ የእንጦጦ አናት ጉዳይ ነው፤ ለመሐል ከተማ ሰው ብዙም አያስጨንቅም። አፈሩ ጥቁር ቡናማና ብስባሽ የበዛበት ነው፤ ብርዱ ሌሎቹን ያስቀራል። ኮሶ በመሐል ከተማ ጥልቅ አፈር ካገኘም ይበቅላል፤ አስታን ግን ወደ ታች ለማምጣት አይድከሙ።

አፈሩን በእጅ መፈተሽ

ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ግማሽ ሜትር ቆፍሩ፤ ከታችኛው አፈር እፍኝ ወስዳችሁ በውኃ አርሱትና በመዳፍ መካከል እንደ ጣት አድቦልቡሉት። ድቡልቡሉን ወደ ቀለበት ስትጠመዝዙት ሳይሰነጠቅ ከዞረ ጭቃው ብዙ ነው፤ ቀለሙ ጥቁር ከሆነ ዋልካ መሆኑ አያጠራጥርም። ቀይ ሆኖ በመጠኑ እየተሰነጠቀ ከዞረ ጥልቁ ቀይ አፈር ነው። ጨርሶ ካልያዘ፣ ጠጠሩም ጣትን ከቧጨረ፣ ጭንጫ ላይ ናችሁ። ቀጥሎ ጉድጓዱን በውኃ ሞልታችሁ እደሩ። ጠዋት ውኃው አሁንም ከቆመ ጽድንም ወይራንም ከዝርዝሩ ሰርዙ። እኛ በዚያ ሐምሌ ይህችን አንዲት ሌሊት ታግሠን ቢሆን ኖሮ 9 ዛፎች ባልሞቱ ነበር።

ከወጥ ቤት ደግሞ አቼቶ አምጡ። አፈሩ ላይ ጠብ ሲያደርጉት አረፋ ከወጣው ኖራ አለበት። በዋልካ ታችኛው ክፍል ነጫጭ የኖራ እንክብሎች ይገኛሉ፤ ያ የተለመደ ነው። በጭንጫው ወይም በቀዩ አፈር ላይ አረፋ ካያችሁ ግን ቆም በሉ፤ ያ ያነሣሁት ጠላት ደርሷል። የፈረሰ ቤት ሲሚንቶ ከአፈሩ ተቀላቅሏል፣ ቦታውም በፍርስራሽና በገረጋንቲ የተደለደለ ሊሆን ይችላል። በመሐል ከተማ ስንቱ ግቢ ላይ ላዩን አፈር መስሎ በሥሩ ገረጋንቲ ነው። ገረጋንቲ የራሱ ደን የለውም። እስከ ጥንቱ አፈር ድረስ መቆፈር፣ ያ ካልተቻለ ደግሞ ችግኝ ከማባከን ክትክታንና አጋምን አስቀድሞ ተክሎ መሬቱን ማለማመድ ይሻላል።

ምስክሮቹ ሲጣሉ

አፈሩ ዋልካ ሆኖ አንድ ትልቅ ጽድ የቆመበት ግቢ ያጋጥማል። ያኔ አፈሩን እመኑ። ያ ጽድ ምናልባት በአንድ የድንጋይ ቁልል ላይ የተተከለ፣ ወይም ከብዙዎች መካከል የተረፈ ብቸኛ ነው፤ የሞቱትን ማንም አይቆጥራቸውም። ከከተማው ወጥታችሁ በእንጦጦ ወይም በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ውስጥ ስትሆኑ ግን ቁጥቋጦውን አስቀድሙ። እዚያ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው ባሕር ዛፍ ከላይ ያለውን ሁሉ ሸፍኖታል። ጎንበስ ብሎ ላየ ግን ከባሕር ዛፉ ሥር የጽድ ቡቃያ፣ ቀጋና ቀጨሞ ብቅ ብቅ ብለዋል። ከላይ ባሕር ዛፍ ቢሆንም ከታች የሚመለሰው የጽድና የወይራው ደን ነው።

ችግኙን ሲገዙ

ዓይነቱን በትክክል ለይተው፣ ችግኝ ሲገዙ መሳሳት ያንገበግባል። «ጽድ» ብለው ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚሰጥዎት የፈረንጅ ጽድ ነው፤ ፈጥኖ ስለሚያድግ ለአጥር ይወደዳል፣ የዚህ አገር ደን ዛፍ ግን አይደለም። ችግኞቹ በልጅነታቸው ስለሚመሳሰሉ እናት ዛፉን ማየት ይበጃል። የሐበሻ ጽድ ፍሬ ከአተር ብዙም የማይተልቅ፣ ለስላሳ፣ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ በጣት ሲጨመቅ ይፈርጣል። የፈረንጁ ግን ደረቅ እንጨት የሆነ ድቡልቡል ነው፤ ሲበስል እንደ ቅርፊት ተከፋፍቶ ዘሩን ይበትናል። ሻጩ እናት ዛፉን ካላሳየዎት ዘሩ ከየት እንደ መጣ ይጠይቁት፤ መልስ ያለው ሻጭ ጋ ይግዙ።

ወይራን ለመለየት ቅጠሉን ይገልብጡት። ላዩ ጥቁር አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ፣ ሥሩ ደግሞ ወርቃማ ቡናማ ወይም ብርማ ከሆነ ወይራው እውነተኛ ነው። ከላስቲኩ ግርጌ ሥሩ ተጠምዝዞ የዞረውን አይውሰዱ፤ የዞረ ሥር መሬት ከገባም በኋላ መዞሩን አይተውም። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ባለው ጊዜ ተክለው ይጨርሱ። ለነሐሴ የዘገየ ችግኝ ሥሩን ሳያወርድ በጋው ይደርስበታል፤ ዘግይቶ ከተተከለ በመጀመሪያው በጋ ከጥር እስከ መጋቢት በየሳምንቱ አንድ ጀሪካን ውኃ ማታ ላይ ሥሩ ላይ ቀስ ብሎ ይፍሰስለት።